አዳማ ጌም ቤት ውስጥ ኤፍ 5 እና ሚግ 21፦ ሄድሴት ከሌለ አትሂዱ

ቦታው ጥሩ ነው ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ሄድሴት ሳታደርግ ምትጫወት ከሆነ ደሞ ብርህን ለጁስ አውለው። አዳማ ውስጥ ጌም ቤት ሲባል ሁላችንም ሚመጣልን ያው ነው፣ ፕሌይስቴሽን ተደርድሮ ፊፋ ተከፍቶ ከኋላ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ አሰልጣኝ ሆኖ እየጮኸ። ይሄኛውም ስትገባ ፊት ለፊት እንደዛው ነው። ልዩነቱ ከጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። እዛ ውስጥ ስቲክና ትሮትል (የሞተሩን ጉልበት ምትጨምርበት ማንሻ) የተገጠመላቸው ሁለት ፒሲዎች አሉ፣ ጥግ ላይ ደሞ አንድ ላፕቶፕ፣ ሚጫወቱት የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር ነው። ሲሙሌተር ስል እንደ ስልክ ጌም ጣትህን እየነካካህ ምትተኩስበት አይደለም፣ ሞተር ለማስነሳት ራሱ ስንት ማብሪያ አለ።

ያለው ፍራንኮ አካባቢ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ፎቅ ላይ። ስሙን አልጽፍም ምክንያቱም ከታች ወቀሳም አለኝ፣ ልጁ ደሞ ገና እየለፋ ያለ ሰው ስለሆነ ገበያውን ላበላሽበት አልፈልግም፣ ሰፈሩን ምታውቁ ግን ትደርሱበታላችሁ። ዋጋው ከፊፋው ይወደዳል፣ በሰዓት ነው ሚታሰበው፣ ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁና ሁለቱንም ፒሲ ከያዛችሁ ትንሽ ይቀንስላችኋል። ውድ ነው ሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ከመሳሪያው አንጻር አልተጋነነም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ቤትህ ልግጠም ብትል ግራፊክስ ካርዱ ብቻ አሁን ባለው ዶላር ምን እንደሚያወጣ ማንም ያውቀዋል።

ስቲኮቹ ትረስትማስተር ናቸው፣ መካከለኛ የሚባሉት፣ ከውጭ በዘመድ የመጡ። በቀኝ በኩል ያለው ፒሲ ላይ ያለው ደህና ነው። የግራው ስቲክ ግን መሀል ላይ ስትለቀው አይቆምም፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ አውሮፕላኑ ሳትነካው ክንፉን ያዘነብላል፣ ባለቤቱ ከሴቲንግ ውስጥ ዴድዞን ጨምሮ ሊያስተካክለው ሞክሯል ግን አሁን ደሞ መሪው የሞተ ቦታ አለው። የእግር ፔዳል የለም፣ ስቲኩን በማዞር ነው ሚሰራው፣ ለነዚህ አውሮፕላኖች ብዙም አይጎዳም። ጭንቅላትህን ስታዞር ስክሪኑ አብሮ እንዲዞር ሚያደርግ ነገር አስገብተዋል፣ ተራ ዌብካም ላይ በሚሰራ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ እና ይሄ በጣም አሪፍ ነው፣ አምፖሉ ከጀርባህ ሲሆን ግን ፊትህ ስለማይታየው ይደናገራል፣ ስለዚህ መስኮቱን ክፈቱልኝ በሉ። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፣ ሌላ ምንም አልልም።

ጌሙ ዲሲኤስ ወርልድ ነው። ማታውቁት ካላችሁ፣ መሰረቱ በነጻ ነው ሚወርደው፣ ሱ 25ቲ የምትባል የራሺያ ምድር አጥቂና አንድ የድሮ ሙስታንግ አብረው ይመጣሉ፣ የቀሩትን አውሮፕላኖች አንድ በአንድ ትገዛለህ። እዚህ የተገዙት ሁለት ናቸው፣ የአሜሪካው ኤፍ 5 ኢ እና የሶቭየቱ ሚግ 21 ቢስ። ሰው ሁሉ ኤፍ 16 ምናምን እያለ ልጁ እነዚህን ሁለት መምረጡ ነው መጀመሪያ ያስገረመኝ። ስጠይቀው «ብሮ እነዚህ እኮ የኛ ናቸው» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ቢሾፍቱ ከዚህ በፈጣን መንገዱ ምን ያህል ነው፣ አዳማ ውስጥ ደሞ ከአየር ኃይል ጡረታ የወጣ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ኤፍ 5 አገራችን የገባው በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ መጀመሪያ ኤ የሚባለው፣ ኢ የሚባለው ደሞ በ70ዎቹ አጋማሽ። ከዛ በኛ አቆጣጠር 1969 መጨረሻ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ የኛ ኤፍ 5 ከነሱ ሚግ 21 ጋር ሰማይ ላይ ተገናኘ፣ ለገሰ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ እያልን የምናነሳቸው አብራሪዎች ታሪክ ከዛ ነው። ለገሰ በኋላ ተማርኮ 11 ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት ቆይቷል። አሜሪካ ፊቷን ስታዞር ሶቭየት መጣችና የኛም አየር ኃይል ሚግ 21 ታጠቀ፣ ቢሱን ማለት ነው፣ የሶማሊያዎቹ ኤምኤፍ የሚባለው የቀደመው ሞዴል ነበሩ። ስለዚህ ጌሙ ላይ ያለው ሚግ በትክክል የዛን ጊዜው ጠላት አይደለም፣ ኤፍ 5ቱም የኋለኛው ዘመን ሞዴል ነው፣ ግን ለጌም ከዚህ በላይ ማን ይሰጥሃል። የኦጋዴን ካርታ ግን የለም፣ ምትበረው ጆርጂያ ላይ ነው፣ ከባቱሚ ተነስተህ ወደ ኩታይሲ። አንዱ ልጅ የኛን ባንዲራ ምልክት ያለበት ቅብ ለኤፍ 5ቱ ሰርቶለታል፣ ጎበዝ ነው፣ የጭራው ቁጥር ላይ ብቻ ትንሽ ቀለደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚህ ሁለት አውሮፕላኖች የራሳቸው ራዳር አይናቸው አጭር ነው። ዘመናዊ ጀት ላይ እንዳለው ሩቅ አይተህ ሚሳኤል ልከህ ወደ ቤትህ ምትመለስበት ነገር የለም፣ አንድ ሰው ከመሬት ሆኖ «ወደ ቀኝ ዙር፣ ከፊትህ በዚህ ርቀት አለ» ካላለህ ሰማይ ላይ ባዶህን ስትዞር ነዳጅህ ያልቃል። ያኔም ካራማራ ተራራ ላይ ራዳር የተተከለው ለዚሁ ነበር። ስለዚህ ሬዲዮው የጌሙ ጌጥ አይደለም፣ ግማሹ ጌም እሱ ነው፣ እና እዚህ ቤት ያስደሰተኝ ነገር ሬዲዮውን በትክክል መግጠማቸው ነው። ሲምፕል ሬዲዮ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ኤስአርኤስ ይሉታል፣ ከጌሙ ጋር አብሮ ይሰራና ኮክፒትህ ውስጥ ያለው ሬዲዮ የት ፍሪኩዌንሲ ላይ እንዳለ አይቶ ድምጽህን እዛ ላይ ላለ ሰው ብቻ ያደርሳል። ጎንህ የተቀመጠው ጓደኛህ ሌላ ቻናል ላይ ከሆነ በሄድሴቱ አይሰማህም። ተራራ መሀል ከገባ ድምጹ ይቆረጣል። ሁለት ሰው አንዴ ከተናገረ ይደባለቃል። እንደ ቴሌግራም ግሩፕ ኮል አይደለም።

ሁለቱ ሬዲዮዎች ራሳቸው አንድ አይደሉም። ኤፍ 5 ላይ ያለው ኤአርሲ 164 ነው፣ ከ225 እስከ 399.975 ሜጋኸርዝ ዩኤችኤፍ፣ 20 ቻናል ቀድመህ ሞልተህ ማስቀመጥ ትችላለህ፣ ካልፈለግክ ደሞ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በእጅህ ታዞራለህ፣ ጋርድ የምትባለው 243.0 ደሞ ሁሌ ለድንገተኛ ትደመጣለች። ሚጉ ላይ ያለው አር 832 ነው፣ እሱ 20 ቻናል አለው በቃ፣ አብራሪው በበረራ ላይ ፍሪኩዌንሲ መቀየር አይችልም፣ መሬት ላይ ቴክኒሻኑ የሞላለትን ነው የሚያዞረው። እዚህ ቤት ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፣ ከ0 እስከ 19 በእስክሪብቶ ተጽፎ ከጎኑ ፍሪኩዌንሲው፣ 7 ቁጥር ላይ የሆነ ሰው ቡና ደፍቶባት አትነበብም፣ እና ሁሉም ሰው 7ን ይዘላታል። ይቺን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሷት፣ ሚግ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ትፈልጓታላችሁ።

የሰፈራችን ባሻ አሉ፣ አየር ኃይል ውስጥ የሬዲዮ ቴክኒሻን የነበሩ፣ አሁንም ከተማውን ናዝሬት ነው የሚሉት። ለምኜ ወሰድኳቸው። ስቲኩን አልነኩም፣ «እኔ መሬት ላይ ነው የሰራሁት ልጄ» ብለው ሄድሴቱን አድርገው ላፕቶፑ ጋ ተቀመጡና ማዳመጥ ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ፊታቸው ተኮሳተረ። ልጆቹ ሬዲዮ ላይ ሚያወሩት «አየህው እንዴ፣ የታባቱ፣ እዛ ጋ እኮ ነው፣ ኧረ በግራ» ምናምን ነው፣ ሁሉም ባንዴ። ባሻ ቁልፉን ተጭነው «ማን ነው ለማን የሚናገረው?» አሉ፣ በዛች ድምጽ ክፍሉ ዝም አለ። ከዛ አስረዱ፣ መጀመሪያ የምትጠራውን ትጠራለህ፣ ቀጥሎ ራስህን፣ ከዛ የት እንዳለህ፣ ከዛ ምን እንደምትፈልግ፣ ከዛ ጣትህን ታነሳለህ። ደሞ ቁልፉን ተጭነህ ወዲያው አትናገር፣ ትንሽ ቆይ፣ አለበለዚያ የመጀመሪያዋ ቃል ትቆረጣለች አሉ። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል፣ ግን ከዛ ቀን በኋላ እዛ ቤት የሚጫወቱት ልጆች ጨዋታ ሌላ ሆነ፣ ሲሪየስሊ። ባለቤቱ አሁን አዲስ ሰው ሲመጣ ይሄንኑ ቀድሞ ይነግራል፣ ለባሻ ደሞ በመጡ ቁጥር ሻይ በነጻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ድምጽ የራዳር ማስጠንቀቂያው ነው፣ ሄድሴት አድርጉ ብዬ የምጨቀጭቀው በዋናነት በሱ ምክንያት ነው። ሚጉ ላይ ያለችው ስፖ 10 የምትባል የድሮ የሶቭየት ዕቃ ናት፣ ሲሬናም ይሏታል፣ አራት ትናንሽ መብራት አላት፣ ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ አለቀ። የሆነ ራዳር ሲነካህ የዛ አቅጣጫ መብራት ትበራለች ጆሮህ ላይ ደሞ ጢጥ ትላለች። ማን እንደሆነ አትነግርህም። ወዳጅ ይሁን ጠላት፣ አውሮፕላን ይሁን መሬት ላይ ያለ ሚሳኤል፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ ምንም። አንተ ነህ ከድምጹ ምታነበው፣ ጢጥ ብላ ቆይታ እንደገና ጢጥ ካለች ራዳሩ ሰማዩን እየጠረገ ሲያልፍ ነካህ ማለት ነው፣ ሳታቋርጥ ከጮኸች ግን አንተ ላይ ተተክሏል፣ ሩጥ። ኤፍ 5ቱ ላይ ያለው ኤኤልአር 87 ሀብታም ነው፣ ክብ ስክሪን አለው፣ የራዳሩን ዓይነት በምልክት ያሳይሃል፣ በየትኛው ሰዓት አቅጣጫ እንዳለ ታያለህ፣ ሚሳኤል ሲተኮስ ደሞ ሌላ ድምጽ አለው።

ሚገርመው ሰው ሁሉ ኤፍ 5ቱን ይመርጣል፣ እኔ ግን የሚጉን ነው ምወደው። አራቷ መብራት ስለማትነግርህ አንተ ታስባለህ፣ ጓደኛህን በሬዲዮ «ራዳርህ በርቷል ወይ? እስቲ አጥፋው» ትለዋለህ፣ ሲያጠፋ መብራቷ ከጠፋች እሱ ነበር፣ ካልጠፋች ሌላ ሰው አለ። እንደዛ አርገን አንድ ከጀርባ የመጣ ልጅ ያዝን፣ እሱ ሄድሴቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስፒከር ከፍቶ ነበር ሚጫወተው፣ ከፊት ያለው የፊፋ ጩኸት ስለዋጠበት የኛ ራዳር ተተክሎበት ሲጮህ አልሰማም። ጎል ሆነ ብለው ሲጮሁ እሱ ወደቀ።

ስለ ጃሚንግ ደሞ ላውራ ምክንያቱም ብዙ ሰው እሱን ሰምቶ ነው ሚመጣው። ዲሽ ጃም ሲደረግ ምን እንደሚመስል አገራችን ውስጥ የማያውቅ የለም፣ እና ሰው ጌሙ ላይም ቁልፍ ተጭኖ የጠላት ስክሪን እንዲጠፋ ይጠብቃል። ሚጉ ሆዱ ስር ኤስፒኤስ 141 የሚባል ጃመር መስቀል ትችላለህ። ትሰቅላለህ፣ ታበራለህ፣ ደስ ይልሃል፣ ከዛ ብዙም ለውጥ የለውም። ይሄ የቤቱ ጥፋት አይደለም፣ ጌሙ ራሱ ኤሌክትሮኒክ ጦርነቱን በጣም አቅልሎ ነው የሰራው፣ ጃመር ያበራ አውሮፕላን ሩቅ እያለ ርቀቱ አይታወቅም፣ ቀረብ ሲል ደሞ በቃ ይታያል። የውሸት ርቀት መስጠት፣ ራዳሩ አንተን ሚከታተልበትን ቦታ ቀስ ብሎ ጎትቶ ወደ ባዶ ሰማይ መውሰድ የመሳሰሉት እውነተኛዎቹ ዘዴዎች የሉም ማለት ይቻላል። ቀረብ ሲል መታየቱ ግን ትክክል ነው፣ ባሻ ወረቀት ላይ ጽፈው አሳይተውናል፣ የራዳሩ ምልክት ሄዶ ተመልሶ ነው ሚመጣው፣ የጃመሩ ግን አንዴ ብቻ ነው ሚጓዘው፣ ስለዚህ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር የጃመሩ ጉልበት በ4 እጥፍ ሲጨምር የራዳሩ መልስ በ16 እጥፍ ይጨምራል፣ የሆነ ቦታ ላይ ራዳሩ ያሸንፋል፣ የግድ ነው።

ቻፍ ግን ደህና ተሰርቷል። ቻፍ ማለት በጣም ቀጭን አልሙኒየም የተቀባ ክር ነው፣ ሰማይ ላይ ትበትነዋለህ፣ ራዳሩ አውሮፕላን ይመስለዋል። የክሩ ርዝመት የራዳሩን ሞገድ ግማሽ መሆን አለበት፣ የተዋጊ አውሮፕላን ራዳር ሞገድ 3 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ክሩ 1.5 ሴንቲሜትር፣ ከክብሪት እንጨት ታንሳለች። እንግሊዞች መጀመሪያ የበተኑት በፈረንጅ 1943 ሐምሌ ላይ ሀምቡርግን ሲደበድቡ ነው፣ ያኔ አልሙኒየም የተለጠፈበት የወረቀት ቁራጭ ነበር፣ እስካሁን ሚሰራበት ምክንያት ደሞ ርካሽ ስለሆነ ነው። ጌሙ ላይ ቻፍ በትነህ በቀጥታ ከበረርክ ምንም አይጠቅምህም፣ በትነህ ወደ ጎን መታጠፍ አለብህ፣ ያኔ ሚሳኤሉ ክሩን ይመርጣል። ይሄን ማንም ስለማይነግራቸው ልጆቹ በሙሉ ቁልፉን እንደ ሊፍት በተን ደጋግመው እየተጫኑ ቀጥ ብለው ይሞታሉ።

ላፕቶፑን አትናቁት። እሱ ላይ ኮምባይንድ አርምስ የሚባለው ተጭኗል፣ መሬት ላይ ያሉትን ታንክና መኪና አንድ ሰው ያዛል፣ ካርታ ያያል፣ ለአብራሪዎቹ ደሞ ይናገራል። እዚህ ላይ ነው የመኪና ሬዲዮ ጉዳይ የሚመጣው እና ባሻ በጣም የሞቁት። እግረኛና ታንከኛ የሚጠቀመው ሬዲዮ ኤፍኤም ነው፣ የአሜሪካኖቹ፣ ጀርባ ላይ የምትታዘለዋ ፒአርሲ 77ም መኪና ላይ የሚታሰረው ቪአርሲ 12ም ከ30 እስከ 75.95 ሜጋኸርዝ፣ 920 ቻናል። ኤፍ 5ቱ ደሞ ከ225 በላይ ነው፣ ያውም ኤኤም። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ያለ መቶ አለቃ ራሱ ላይ የምታልፈውን የራሱን ወገን ጀት በቀጥታ ማናገር አይችልም። መሀል ላይ ሁለቱንም ዓይነት ሬዲዮ ጂፕ ላይ የጫነ ሰው መኖር አለበት፣ ከእግረኛው በአንድ ጆሮው ይሰማል ለአብራሪው በሌላው ይናገራል። ላፕቶፑ ላይ የሚቀመጠው ሰው ያ ሰውዬ ነው ማለት ነው። ባሻን ያስቀየማቸው ጌሙ ውስጥ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሰው ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ እንደፈለገ መክፈት መቻሉ ነው፣ «እንዲህ ቢሆንልን ኖሮ» አሉ።

ከዛ ወሬያቸው ወደ ራሺያዎቹ ሄደ። የቲ 55 ታንክ ሬዲዮ አር 123 ነው፣ እንደ ድሮ ሬዲዮ አምፖል በምትመስል የመስታወት ቱቦ የሚሰራ፣ ከ20 እስከ 51.5 ሜጋኸርዝ፣ አራት ቦታ ቀድመህ ምትቆልፍበት፣ ሲዞር ራሱ ሞተር አለው ግርርር ይላል። ከአሜሪካኑ ጋር ከ30 እስከ 51.5 ያለው ይገጥማል፣ ሁለቱም ኤፍኤም ናቸው፣ ስለዚህ ይነጋገራሉ። ግን አሜሪካኑ ስኩዌልቹን (ሰው ሳይናገር ሹሹታውን ዘግቶ ሚይዘውን) ሚከፍተው የምትልከው ድምጽ ስር 150 ኸርዝ የሆነች ቶን ካገኘ ነው፣ ራሺያው እሷን አይልክም፣ እና አሜሪካኑ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ስኩዌልቹን ወደ አሮጌው አሰራር ካላዞረው ራሺያው እስኪደክመው ቢጠራ አይሰማውም። ሁለቱም ሬዲዮ ደህና፣ ሁለቱም ፍሪኩዌንሲ ትክክል፣ ግን ዝም። ይቺን ሲያወሩ ልጆቹ ጌሙን አቁመው ነው የሰሙት፣ ሰዓታቸው እየቆጠረ። እኔ ከዚህ ቤት ካገኘሁት ሁሉ ይሄን ነው የምቆጥረው፣ ባለቤቱ ደሞ ያቺን ሰዓት አላስከፈለም፣ ይመስገን።

ማታ ማታ ሚመጡት ልጆች ስኳድሮን አቋቁመዋል፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናቸው። እውነተኛ ስኳድሮን 12ም 24ም አውሮፕላን ይኖረዋል፣ የነሱ ሁለት ፒሲ ነው፣ ሁለት ደሞ ከሀዋሳ በኢንተርኔት ይገቡላቸዋል፣ አራት ሲሞሉ አንድ ፍላይት ይሆናሉ ማለት ነው። መሪና ተከታይ አላቸው፣ መሪው ካላዘዘ ተከታይ አይተኩስም፣ ከበረራ በፊት ነጭ ሰሌዳ ላይ ይሳላል። መጀመሪያ ሳየው አሳቀኝ፣ ሲበሩ ሳይ ግን ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ብቻውን ከሚንቀዠቀዥ ጎበዝ ይልቅ ሁለት ሆነው የሚነጋገሩ መካከለኞች ሁሌም ያሸንፋሉ። ከነሱ ጋር መግባት ከፈለግክ አይከለክሉህም ግን መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጡሃል፣ አትከፋ፣ ጥሩ ቦታ ነው።

ወቀሳው እንግዲህ። አንደኛ መብራት። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ሚይዘው ለትንሽ ደቂቃ ነው፣ ጄነሬተሩ እስኪነሳ አንዱ ፒሲ ይሞታል፣ እና ያለቀው ጊዜ ይታሰብብሃል ወይስ አይታሰብም የሚለው በባለቤቱ ሙድ ነው ሚወሰነው። ይሄ መስተካከል አለበት፣ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ሙቀቱ ደሞ፣ አዳማ ነው፣ ጠባብ ክፍል ነው፣ ሁለት ፒሲ ይነዳል፣ ቬንቲሌተር አለ ግን ሲበራ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ልጆቹ ያጠፉታል። አፕዴት ሲመጣ ብዙ ጊጋ ነው ሚወርደው፣ የዛን ቀን ክፍሉ ዝግ ነው፣ እና ቀድመው አይናገሩም፣ ሄደህ ነው ምታውቀው፣ ከመብራት ኃይል ድረስ በባጃጅ መጥቼ ተመልሻለሁ። ሄድሴቶቹ ሁለቱም አርጅተዋል፣ ስፖንጁ ተልጦ ጆሮህ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ይቀራል፣ የግራው ማይክ ደሞ ገመዱን በሆነ አንግል ካልያዝከው ይቆራረጣል፣ ሙሉ ጌሙ ድምጽ በሆነበት ቤት ይሄ አሳፋሪ ነው ብዬ በፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። «አዝዣለሁ እየመጣ ነው» አለ። ያው እየመጣ ነው።

አንድ ነገር ደሞ ብልጠት ይሁን የዋህነት አላውቅም፣ አዲስ ሰው ሲመጣ አውሮፕላኑን ከቀዝቃዛ ነው ሚሰጡት፣ ሞተሩ ጠፍቶ። ሚጉን ከዜሮ ለማስነሳት ባትሪ፣ ኢንቨርተር፣ ጋይሮ፣ ሬዲዮ፣ ራዳር ማሞቅ እያልክ ማታውቀው ከሆነ የከፈልከው ሰዓት ሩቡ እዛው መሬት ላይ ያልቃል። መማር ከፈለግክ ደስ ይላል፣ እኔ እወደዋለሁ፣ ካልፈለግክ ግን ሞተሩ የተነሳ ስጡኝ በል፣ ይሰጡሃል።

ከ10 ስንት ትላለህ ካላችሁኝ ከነ ስኳድሮኑ ማታ 8፣ ብቻህን ቀን ላይ 5፣ እሁድ ከሰዓት የፕሪሚየር ሊግ ሰዓት ላይ ከሆነ ደሞ አልሰጥም፣ ያኔ ግድግዳው ራሱ ይጮሃል። ታናናሾቻችሁን ብትወስዱ ስምንተኛ ክፍል አካባቢ ካልሆኑ ይሰላቻሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፣ የቀኙን ፒሲ ያዙ በሉ፣ እና የራሳችሁን ሄድሴት ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለ 3.5 ጃክ የሆነውን እንጂ የዩኤስቢውን አይደለም፣ ዩኤስቢዎቹን ስቲክና ካሜራው ጨርሰዋቸዋል።